ዝም በሉ ባዩ ሐኪም

ስልኩ ሲደወል ድሬዳዋ ገበያ መሃል ነበርኩ። "ሲስተር ወይንሸት፣ ዶክተር ነጂብ ዛሬ ጧት አረፉ። ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ" አለችኝ የእህታቸው ልጅ ሰሚራ። ባጃጁ ይጮኻል፣ የሙዚቃ ቤቱ ማጉያ ይጮኻል፣ ሎተሪ አዟሪው ይጮኻል። "አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ" አልኳት። ሰምቻታለሁ። ሁለተኛ ስትናገረው ሌላ ነገር ይሆን እንደሆነ ብዬ ነው። ደገመችልኝ፤ ያው ነው።

እሳቸው አጠገቤ ቢኖሩ ያን ሁሉ ጩኸት አንድ ባንድ እየዞሩ፣ እየለመኑም እየተቆጡም፣ ዝም ያሰኙልኝ ነበር። ሥራቸው ነበራ!

ዶክተር ነጂብ ሐረር ውስጥ አብሬያቸው የሠራሁ የጆሮ ሐኪም ናቸው። በስማቸው የማያውቃቸው የጀጎል ሰው እንኳ "ዝም በሉ ባዩ" ሲባል ያውቃቸዋል። አጭር፣ ቅንድበ ወፍራም፣ የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ በጥጥ ያበጠ ሰው ነበሩ። ጧት ወደ ሥራ ሲመጡ በመኪና ግርግር በኩል ያልፋሉ። መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ የተደረደሩባት ጠባብ መንገድ ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ከስፌት መኪናዎቹ ግርግር ነው። እሳቸው በየደጃፉ ቆም እያሉ ቫዝሊን የተቀባ የጆሮ ጥጥ ያድላሉ። ሰፊዎቹ ደግሞ ሐረሬ ናቸውና ነገር አያልፋቸውም።

"ዶክተር፣ ጥጡ ጥሩ ነው ወላሂ! ደንበኛ 'ቀንስልኝ' ሲለኝ አልሰማም" ይላል አንዱ።

"እኔስ ሚስቴ ስትጠራኝ ነው የምጠቀምበት" ይላል ሌላው።

እሳቸው አይስቁም። "ዛሬ ሳቁ፣ ነገ ስትስቁ ሳቃችሁን አትሰሙትም" ብለው ያልፋሉ። ደረቅ ነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር። ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያም አንድ ጆሮ መልስ ሲሰጣቸው ነበር።

ጆሮ መልስ ይሰጣል ስል እንደ እኔ የምትስቁ ትኖራላችሁ። ጊዜው የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ዶክተር ከውጭ አገር ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ አስተማሪያቸው "ለአገርህ ሰው ይሁንህ" ብሎ የሰጣቸውን አንድ ሣጥን ይዘው መጡ። ትንሽ ቴሌቪዥን የመሰለ መስኮት አለው፤ ከጎኑ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ በሽቦው ጫፍ ባቄላ የምታህል መሰኪያ አለች። በባቄላዋ ውስጥ ድምፅ የምታወጣም ድምፅ የምትቀበልም ነገር አለች አሉኝ። እኔ የጆሮ ክፍሉ ነርስ ነበርኩ። "ድምፅ መስጠቱስ ይሁን፤ ከጆሮ ውስጥ ደግሞ ምን ትቀበላለች?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የጆሮውን ድምፅ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ጆሮ ይሰማል እንጂ ይናገራል ተብሎ ማን አስተምሮኝ!

አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና "ሲስተር፣ የሰው ቤት ስታንኳኪ ውስጥ ሰው ካለ ምን ይላል?" አሉኝ።

"'ማነው?' ይላል።"

"ሰው ከሌለስ?"

"ምንም አይልም።"

"ይኸው ነው። ጤነኛ ጆሮ ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም። ውስጡ ያሉት ፀጉር መሳይ ሕዋሳት ድምፅ ሲደርሳቸው ይንቀሳቀሱና ከራሳቸው አንዲት ደቃቅ ድምፅ መልሰው ይልካሉ። ባለቤቱ አይሰማትም፣ እኔና አንቺም አንሰማትም፤ ይቺ ባቄላ ግን ትሰማታለች። ጩኸት የሚገድለው እነዚያን ሕዋሳት ነው። ሰውየው ገና 'ምን አልክ?' ማለት ሳይጀምር የጆሮው መልስ ይደክማል። እኔ አንኳኳለሁ፣ ሰው መኖሩን አያለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ቋንቋ ይኸው ሆነ። መስኮቱ ላይ የጆሮው መልስ እንደ ሞገድ ብቅ ሲል ዶክተር ሌባ ጣታቸውን ቀስ አድርገው ያነሱና "ሰው አለ" ይላሉ፣ በሹክሹክታ። ባዶ ሲሆን ግን ምንም አይሉም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ።

ችግሩ ዝምታ ማግኘት ነበር። ያቺ ደቃቅ ድምፅ በትንሽ ኮሽታ ትዋጣለች። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ያጓራል፣ በኮሪደሩ አስታማሚው ያወራል፣ ሳህን ይወድቃል። ዶክተር ከክፍሉ ብቅ እያሉ "ዝም በሉ! ጆሮ እየመለሰ ነው!" ሲሉ አስታማሚው እርስ በርሱ ይተያያል። አንዲት ሴትዮ "ሐኪሙንም ለቀቅ አደረገው እንዴ?" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ኋላ ሣጥኑን አሸክመው እናታቸው ቤት ወሰዱት። የእማማ ሩቂያ ቤት ጀጎል ውስጥ ያለ የጥንት የሐረሪ ቤት ነው። እንግዳ የሚቀመጥባቸው ከፍ ከፍ ያሉ መደቦች ካሉት ሰፊ ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ኪርታት የሙሽሮች ናት። በአገሩ ልማድ ሙሽራና ሙሽሪት ከሰርጋቸው በኋላ ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚሰነብቱት እዚያ ነው። ግድግዳዋ ከመወፈሩ የተነሳ ከውስጥ ሆነው የጎረቤት ዶሮ እንኳ አይሰማም። ዶክተር በሐረር ከተማ ጆሮ የሚሰማበት ዝምታ ያገኙት እዚያች የሙሽራ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የወፍጮ ቤት ሠራተኛው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ልብስ ሰፊው ይመጣል። ዱቄት ለብሶ የመጣውን እማማ ሩቂያ ግቢ ውስጥ አቁመው በመጥረጊያ ያራግፉታል። ከዚያ ጢሙ የሸበተውን ሰውዬ ወደ ኪርታት ሲያስገቡት "እልል በሉ፣ ሙሽራው ገባ!" ብለው ጎረቤቱን ያስቃሉ። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ግቢውን ዝም የሚያሰኙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሕፃኑን፣ ሙቀጫውን፣ ሬዲዮውን። ልጃቸው ዝም በሉ ባይነትን ከማን እንደወረሱ አልጠፋኝም።

አቶ ሙሜን ያገኘኋቸው በዚያ ነው። ሸዋ በር አጠገብ ያለውን ወፍጮ ጎልማሳነታቸውን ሁሉ ያንቀሳቀሱ፣ የሐኪም ጋራ ነዋሪ ናቸው። ሲያወሩ ከተራራ ተራራ የሚጣሩ ይመስላሉ።

"እኔ ምን ሆኜ ነው የምመረመረው? ወፍጮው ትንሽ ቅር ያለው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ!"

"በእግርዎ ነው የሚያውቁት፣ አቶ ሙሜ፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ" አሏቸው ዶክተር፣ እሳቸውም እየጮኹ።

ባቄላዋን በግራም በቀኝም ሰካን። የዶክተር እጅ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። አቶ ሙሜ ያቺን እጅ አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ ደግሞ ወፎቹ ሐኪም ጋራን ትተው የሄዱ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ድርቅ ነው ብዬ። ለልጆቹም እንደዚያ ብዬ ነገርኳቸው። ልጆቹ ዝም አሉኝ።"

የአቶ ሙሜን ጆሮ መመለስ አይቻልም። ግን በሳምንቱ አቶ ሙሜ ከሥራቸው ያሉትን ወጣቶች ሁሉ እየነዱ አመጡ፤ መልሳቸው ገና መድከም የጀመረ አገኘን፣ ጥጥ ሰጠናቸው፣ ከወፍጮው ድንጋይ አጠገብ እየተፈራረቁ እንዲቆሙ አስደረግን። ዶክተር "ይቺ ሣጥን የመጣችው ለእነዚህ ነው" አሉኝ። ያን ቀን ፈገግ ብለው ነበር።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው ምልመላ ጠነከረ። የአቶ ሙሜ የወንድም ልጅ፣ ወፍጮ ሥር ያደገ ልጅ፣ "አልሰማም" ቢል "ታስመስላለህ" ተባለ። ዶክተር ይህን ሲሰሙ ቱግ አሉ። የምልመላ ኮሚቴውን ሰብሳቢ፣ ጓድ በለጠን፣ "ይምጡና በዓይንዎ ይዩ" ብለው እናታቸው ቤት ድረስ ጠሩ። ጓድ በለጠ በሶማሌው ጦርነት መድፈኛ የነበረ፣ ሁልጊዜ የሚጮህ፣ ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጎኑን የሚያዞር ሰው ነው። ልጁ ተመረመረ፤ ሁለቱም ጆሮ ባዶ። ጓድ በለጠ ተገርሞ "እስቲ የእኔን" አለ። ቀኙ መለሰ፤ ግራው አልመለሰም።

"መድፉ ነው፣ ጓድ" አሉት ዶክተር፣ ለአቶ ሙሜ እንዳዘኑት ሁሉ አዝነው።

ጓድ በለጠ ግራ ጆሮውን ዳሰሰ። ሲያዝን አየሁት። ቀጥሎ ግን ጭኑን መታና "ይህ ልጅ ነፃ ነው!" አለ። እልል ልንል ምንም አልቀረን። ከመውጣቱ በፊት ግን ሣጥኑን መታ መታ እያደረገ እንዲህ አለ፤

"ይህ ዕቃ ሰውየውን አይጠይቅም፣ ጆሮውን ነው የሚጠይቀው። እህስ! ሰውየው ቢዋሽ ጆሮው ያጋልጠዋላ! ዶክተር፣ ደንቆሮ ነኝ ባዩን ሁሉ ወደ አንተ ነው የምልክልህ።"

ዶክተር ሰውየውን በር ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጧል። "ምን አደረግኩ፣ ሲስተር?" አሉኝ። የገዛ እጃቸው ነው ያመጣው። ባይኮሩበት፣ ባያሳዩት፣ ማን ያውቅ ነበር?

ሐሙስ ደረሰ። ጓድ በለጠ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ አንድ ወጣት ይዞ መጣ። ረመዳን ይባላል፤ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ተኳሽ ነው። ምልመላው ከተነገረ ወዲህ ማንም ቢጠራው አይመልስም። እናቱ ፋጡማ፣ ሸዋ በር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ እግር በእግር ተከትላ መጥታ የዶክተርን እጅጌ ያዘች።

"ዶክተር፣ ትልቁን ሰጥቻለሁ። ወላሂ ሰጥቻለሁ። ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ይሄ ነው የቀረኝ።"

ዶክተር እጇን ከእጅጌያቸው ቀስ አድርገው አላቀቁና ወደ ኪርታት ገቡ።

ያ ሳምንት ደግሞ የጎረቤት ሰርግ ነበር። አፎቻ የሚሉት የሰርግና የለቅሶ ማኅበራቸው ሴቶች ግቢውን ሞልተው፣ ከበሮአቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እማማ ሩቂያ እንደ ልማዳቸው "ልጄ ጆሮ እያየ ነው፣ እስኪጨርስ ታገሱልኝ" ብለው ለምነዋቸዋል። ያ ሁሉ ያጌጠ ሴት ትንፍሽ ሳይል ይጠብቃል።

ረመዳን ተቀመጠ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሏል፤ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ ቸፍ ብሎበታል። ጓድ በለጠ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ባቄላዋን ሰካሁ። ዶክተር ማሽኑን አስነሱ። ጥቂት ቆይቶ መስኮቱ ላይ ያ ሞገድ ብቅ አለ፤ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ በዚያ ክፍል አይቼ አላውቅም። ጆሮው እንደ ሕፃን ጆሮ ጤነኛ ነው።

የዶክተር ሌባ ጣት ከጉልበታቸው ላይ ተነሳ። ልማድ ነዋ! መንገድ ላይ አጠፉትና ቅንድባቸውን አከኩበት። ከዚያ ተነስተው፣ ጓድ በለጠን በትሕትና ገፋ አድርገው፣ የኪርታትን በር ወለል አድርገው ከፈቱና እናታቸውን በሐረሪኛ ተጣሩ። በሐረሪኛ እናት "አይ" ናት።

"አይ!" አሉ፤ የቀረውን እኔም በምችላት ትንሽ ሐረሪኛ ተረዳሁት፤ "ሴቶቹን ለምን ታስጠብቂያቸዋለሽ? ሙሽሪት አትቀየምም?"

እማማ ሩቂያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ግቢው ጥግ የተኮራመተችውን ፋጡማን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ከንፈራቸው ላይ ትቀመጥ የነበረችውን ጣት አወረዱና አጨበጨቡ።

ወዲያው ከበሮው ነጎደ። እልልታው፣ ዘፈኑ፣ ጭብጨባው ተከትሎ በተከፈተው በር ጎርፎ ገባ። መስኮቱ ላይ ሞገዱ ተበታትኖ ጠፋ፤ የቀረው ዝብርቅርቅ መስመር ብቻ ነው። ረመዳን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

"ምን ይላል?" ብሎ ጮኸ ጓድ በለጠ።

"ከበሮ ይላል!"

"ምን?"

"ከበሮ!"

"ወላሂ ብለህ ንገረኝ!"

"ወላሂ፣ እዚህ ላይ አሁን ከሰርጉ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም! ይሰማል ብዬም አይሰማም ብዬም አልፈርምም!"

"እነዚህን ሴቶች ዝም አሰኝልኝ!"

"እስከዛሬ በልመና ነው ዝም ያሰኘኋቸው፣ ጓድ። የሰርግ ሴት በትእዛዝ ዝም አትልም!"

ጓድ በለጠ ይህን የሰማ አልመሰለኝም። መድፍ የጎዳው ጆሮ ጫጫታ ሲሆን ከሁሉ ይበልጥ ይቸገራል፤ ዶክተር ይህን ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እማማ ሩቂያ ሻይ ይዘው መጡና በግራ ጎኑ ቆመው እየሳቁ አንድ ነገር አሉት። "ምን አሉ?" አለ። ደገሙለት። "ምን?" ታጣቂዎቹ ተያዩ፤ አንደኛው ሳቁን ዋጠ። ያን ጊዜ የጓድ በለጠ ፊት ቀላ። ማን እንደማይሰማ ግቢው ሁሉ ሊያውቅበት ሆነ። ሻዩን ሳይነካ "ሌላ ቀን!" ብሎ ወጣ።

"ኢንሻአላህ" አሉ ዶክተር ነጂብ።

ሰርጉ እስከ ሳምንቱ ዘለቀ። በመሃሉ የምልመላው መኪና ሞልቶ ያለ ረመዳን ሄደ። ሌሎች ግን ሄደዋል፤ የሌሎች እናቶችም ሸዋ በር ቆመው ሲያለቅሱ አይተናል። ዶክተር ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን "ዶክተር፣ ዋሹ እኮ" አልኳቸው፤ ማሾፌ ነበር።

ኮስተር አሉ። "አልዋሸሁም። ዝም በሉ ሳልል ቀረሁ፣ ያ ብቻ ነው።" ቀጥለው የሣጥኑን ገመድ ነቀሉ፣ የእናታቸውን ጥልፍ ጨርቅ አለበሱት። ጓድ በለጠ ሰው ቢልክ "ዕቃውን ውሰዱ፣ እኔ ግን አላንቀሳቅሰውም" ብለው መለሱ። በዚህ ምላሻቸው ነው ወደ ቆላ ጤና ጣቢያ የተዛወሩት። ሲሄዱ ያዘኑት ለራሳቸው አልነበረም። "የአቶ ሙሜ የወፍጮ ቤት ልጆች መልሳቸው የት እንደደረሰ አሁን ማን ያይላቸዋል?" ይሉ ነበር። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ተመልሰው ጨርቁን ሲገልጡት ሣጥኑን እርጥበት በልቶታል፤ ዳግመኛ አልተነሳም። እሳቸው ወደ ጥጣቸው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ኖሮት በገዛ ፈቃዱ የሚያጠፋው ሐኪም ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። እወዳቸው ነበር፤ በሕይወት እያሉ አልነገርኳቸውም።

እኔ እሳቸው ሲዛወሩ ድሬዳዋ ገባሁ። ከዚያ በኋላ በበዓል ስንገናኝ ስለዚያ ሐሙስ አንስተው አያውቁም። ቀጣዩ ምልመላ ረመዳንን ወስዶት እንደሆነ እንዳልሰማ ፈርቼ እኔም አልጠየቅኩም።

ሸዋ በር ከሚኒባስ ስወርድ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶ ቤቱ ያው የእማማ ሩቂያ ግቢ ነው። እንግዲህ ያመለጠኝ አመለጠኝ፣ ፍርሃቴንም ይዤ ልኑር? ሰሚራን አቅፌ አልቅሼ ስበቃ "ረመዳን የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ? ልብስ ተኳሽ የነበረ" ብዬ ጠየቅኳት።

"ሲስተር፣ ሐረር ውስጥ ስንት ረመዳን አለ!" አለችኝ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ቁርአን ይቀራል፣ የሻይ ብርጭቆ ይንኳኳል፣ አዛውንቶቹ ያወራሉ። ከኪርታት በር አጠገብ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከአንገቱ ላይ ሳያወርድ ነው የመጣው። ፊቱን አላየሁትም። ከኋላው ቆምኩና፣ እኔ ራሴ እንኳ እምብዛም በማልሰማው ድምፅ፣ "ረመዳን" አልኩ።

"አቤት" አለ።